ጀጎል ውስጥ ያደጉ ተማሪዎች ድሬ ላይ ምን ይዩ?

ሸዋበር_መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ላይ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህርት ነኝ። በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ 38 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ድሬዳዋ ልወርድ ነው። ቅጥቅጥ ተከራይተናል፣ ወላጆች ፈርመዋል። የቀረኝ ዋናው ነገር ነው፦ ምን ላሳያቸው?

ነገሩ የተነሳው ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ከተሞች አመሠራረት እያስተማርኩ ድሬዳዋን ስጠራ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ድሬ እኮ ታሪክ የላትም፤ ገበያ ናት» አለ። ከክፍሉ የተቃወመው አንድም አልነበረም። አልፈርድባቸውም። እነዚህ ልጆች ዳቦ ግዙ ተብለው ሲላኩ የሚያልፉት በ16ኛው መቶ ዘመን በተሠራ ግንብ በር ነው። አምስቱን የጀጎል በሮች በአደርኛም በአማርኛም ስማቸው ይጠራሉ። የራምቦ ቤት የሚባለውን ራምቦ ራሱ እንዳልሠራው ለእንግዳ ያስረዳሉ። እንዲህ ያለ ቦታ የለመደ ልጅ፣ ዕድሜዋ መቶ ሃያ ዓመትን ገና አሁን ያለፈ ከተማ ታሪክ አላት ቢሉት አያምንም።

እኔም ብሆን ድሬን የማውቃት ታይዋን ገበያ ዕቃ ልገዛ በመውረድ ነው። ስለዚህ የምታውቁ እርዱኝ። ባቡሩ ለምን ሐረርን ትቶ ድሬ ላይ ሄደ? አሮጌው ባቡር ጣቢያ ተማሪ ያስገባል? ከከዚራ፣ ከጣቢያው ፊት ካለው ሰፈር፣ ሌላስ የት ልውሰዳቸው? ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሳይመሽ የደንገጎን ዳገት መውጣት አለብን። ድሬ የተወለዳችሁ፣ ባቡር ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ።

የቶርኖ_ቤቱ

መምህርት፣ እንደምን አለሽ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ1962 ዓ.ም. በ18 ዓመቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ፣ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን እየዞረ የሚቀረጽበት ክፍል)፣ ተለማማጅ ሆኜ ገባሁ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ሌላ መሥሪያ ቤት አላውቅም። አባቴ ደግሞ የመስመር ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ሽንሌ የሚወስደውን ሀዲድ በእግሩ እየሄደ ያይ ነበር። «ድሬ ታሪክ የላትም» ሲባል ስለሚያመኝ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው፣ ታገሺኝ።

ከሁሉ በፊት፣ ስትመጪ የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያ ይዘሽ ነይ። ያቺን ባለ አንድ ሜትሯን የእንጨት። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ባቡሩ ሐረርን ለምን ተወ ላልሽው መልሱን ልጆቹ ድሬ ሳይደርሱ መኪና ውስጥ ያገኙታል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሲሰጡ ውሉ ላይ የተጻፈው መስመር ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ሐረር በወረቀት ላይ ነበረች። ሥራው በ1890 ጅቡቲ ላይ ተጀመረና ወደ ተራራው ሲጠጉ ነገሩ ሌላ ሆነ። ደንገጎ ላይ ስትደርሱ ሹፌሩን ጥግ ይዞ እንዲቆም ለምኚውና ልጆቹ ቁልቁል ይዩ። ሐረር ከባሕር ጠለል 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪና እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ብረት በብረት ላይ የሚሄድ፣ ኋላው ፉርጎ የተቀጠለበት ባቡር ግን እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ጎማው ባዶውን ይዞራል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከተራራው ሥር ያለውን ሜዳ መረጡ። ሀዲዱ እዚህ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ነው፤ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ። ከተማዋም ስትቆረቆር የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ይህን ለዚያ ልጅ ንገሪልኝ። ታሪክ የላትም ያላት ከተማ የተወለደችው በእርሱ ከተማ ስም ነው።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ሰዎች እየዘለሉት ያልፋሉ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት፣ ከሰረ። ፈቃዱ በ1900 ወደ ሌላ ኩባንያ ተላለፈ፤ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመካከሉ ለዓመታት የሀዲዱ መጨረሻ ድሬ ነበረች። እስቲ አስቢው። ከመርከብ ወርዶ በፉርጎ የመጣ ጨርቅ ይሁን ጨው፣ ብረት ይሁን ጠመንጃ እዚህ ይራገፋል፣ እዚህ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ መሃል አገር ይሄዳል። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ቡናና ቆዳ ደግሞ እዚህ ፉርጎ ላይ ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ጫኝ፣ ነጋዴ፣ መጋዘን፣ ሻይ ቤት፣ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ አደሬው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የየመን ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ እዚህ የተሰባሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪሽ «ገበያ ናት» ማለቱ ልክ ነው። ያ ገበያ እንዴት እንደተፈጠረ የነገረው ሰው አጥቶ ነው።

አሁን ወደ ጣቢያው። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፤ ያለ ደብዳቤ ዘበኛው በር ላይ ያቆማችኋል፣ ሥራው ነው። ከፊት ለፊቱ የምድር ባቡሩ ስም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ታያላችሁ። ልጆቹ ግንባሩን ብቻ አይተው ፎቶ ተነስተው እንዳይመለሱ። ወደ ውስጥ አስገቢያቸው፣ እስከ ወርክሾፑ።

ወርክሾፑ ውስጥ ታሪኩን ከፈለግሽ የዕቃውን ስም ጠይቂ። ፉርጎ የምንለው ፈረንሳይኛ ነው። ቡሎንም እንደዚሁ። እናንተ አዲስ አበባ ላይ ለገሃር የምትሉት፣ እኛም ሰፈራችንን ለገሃሬ ያልነው፣ ፈረንሳዮች ጣቢያውን የሚጠሩበት ቃል ነው። ቶርኖ፣ ካቻቪቴ፣ ኩሽኔታ ደግሞ ጣሊያንኛ ናቸው። አንድ ሠራተኛ «ካቻቪቴውን አቀብለኝ፣ ቡሎኑን ልፍታ» ሲል በአንድ ትንፋሽ የሁለት አገር ቃል ጠርቶ በአማርኛ ያስራቸዋል። ልጆቹን ደብተር አስይዘሽ እነዚህን ቃላት ይሰብስቡ። ከየትኛውም ንግግር የበለጠ ይማሩበታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርሽ። መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ የብሮንዝ ቡሽ መቁረጥ ነበር፤ የጎማው ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት በዪው። ያሠለጠነኝ ሽማግሌ ሠራተኛ መለኪያውን ካሊበር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና የአውራ ጣቱን ጥፍር በቀለበቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀስ አድርጎ አዞረ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እኔ አጎንብሼ ባይ ምንም የለም፤ ገጹ እንደ መስታወት ያበራል። «እዚህ ጋ ቢላዋህ ተንቀጥቅጧል፣ ድገመው» አለኝ። አራት ጊዜ ደገምኩት። በአራተኛው ጥፍሩ ሳይቆም ዞረ። «ይህ ሚኤሶ ላይ አይግልም» አለ። ሥራዬን የለካው በሚሊ ሜትር አልነበረም፤ ፉርጎው ሙቀት ውስጥ ሳይነድ የት ድረስ እንደሚሄድ በማሰብ ነው። ያን ቀን ነው ቶርኖ የገባኝ። እርሱ ፈረንሳዮቹ አለቆች በነበሩበት ጊዜ የተማረ ሰው ነበር፤ መጻፍ ብዙም አይሆንለትም፣ ግን የአንድ ሎኮሞቲቭ ሆድ ዕቃ ከነፈረንሳይኛ ስሙ በቃሉ ይዞ ነበር። ከዚራን ፈረንሳይ ሠራው ሲባል እሰማለሁ። አገራችን በፈረንሳይ ቅኝ አልተገዛችም፤ በዚህ መስመር ላይ ግን ለረጅም ዘመን አዛዡ ኩባንያው ነበር፣ እውነት ነው። ፕላኑም የእነርሱ ነው። ያን ባቡር በየቀኑ ያስኬደው ግን የዚያ ሽማግሌ ጥፍር ነው።

ሌላም አለ። የባቡር ጎማ ጠርዙ ላይ ከሀዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈር አለው። መታጠፊያ በበዛበት መስመር ያ ከንፈር ይሳሳል፣ ይሳሳልና አንድ ቀን እንደ ምላጭ ይሆናል። ከዚያ ጎማው ወርዶ ወደ እኛ ይመጣል፤ ትልቁ ቶርኖ ላይ አስረን እንደገና ቅርጹን እንሰጠዋለን። ይህን ሳስብ አሁንም የሚሸተኝ የሞቀ ብረትና የዘይት ሽታ ነው።

አሁን ማስመሪያዋ። ወደ ሀዲዱ ስትወጡ አንዱን ልጅ አስጎንብሺና ማስመሪያዋን በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያጋድማት፤ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ። ልክ ትገባለች። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያ 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሁሉ ስፋቱ እርሷ ናት፣ አንድ ሜትር። አባቴ ትከሻው ላይ ይዞ የሚዞረው የብረት መለኪያ ነበር፤ በሙቀት ሀዲዱ ሲለጠጥ፣ በጎርፍ አፈሩ ሲሸሽ ይህ ስፋት ይዛባል። ጥቂት ጣት ከሰፋ ባቡር ይወድቃል። ከሀዲዱ ሥር ያለው አግዳሚም ብረት መሆኑን አሳያቸው። በ2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው፣ ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ነው። ስለዚህ እኛ የጠገንናቸው ሎኮሞቲቮች በዚያ ሀዲድ ላይ መቆም እንኳ አይችሉም። የ43 ተኩል ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ልጆቹ ቀንሰው ያግኙት።

ጣቢያው ያየውን ሁሉ ልጻፍ ብል አይበቃኝም። በሚያዝያ 1928 መጨረሻ ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ባቡራቸው ያለፈው በዚሁ ነው። አባቴ ያኔ ወጣት ነበር፤ «ማንም አልጮኸም» ብቻ ነበር የሚለን። በሳምንቱ፣ ግንቦት 1፣ የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። የተለቀቀችው መጋቢት 20 ቀን 1933 ነው፤ የገቡት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ። በነሐሴ 1969 ደግሞ የሶማሊያ ጦር እስከ ከተማዋ በር ሲደርስ እኔ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። መስመሩ ተቆርጦ ወርክሾፑ ጸጥ ያለበትን ጊዜ አልረሳም። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ጸጥታ የሰማሁት ጡረታ ወጥቼ የአዲስ አበባው ጉዞ የቆመ ጊዜ ነው።

ደስ የሚለውንም ልንገርሽ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር እንደ ንብ ቀፎ ነበር። ሰዉ ድሬ ላይ ወርዶ ወደ ቁልቢ በመኪና፣ ስለት ያለበትም በእግሩ ይወጣል። እኛ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ቀንና ሌሊት ነበር የምንሠራው።

ከዚራን በእግር ሂዱባት። ጣቢያውን በጀርባችሁ አድርጋችሁ ስትቆሙ ጎዳናዎቹ ከፊታችሁ ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ፣ ዛፎቹ ከላይ ይገናኛሉ። በረንዳ ያላቸው፣ የእንጨት መስኮታቸው በቀን የሚዘጋ ቤቶችን ታያላችሁ። የካቶሊኩም የግሪኩም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ግሪክ ካምፕ የሚባል ሰፈርም አለን። ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ ማዶ ያለው መጋላ ሰፈር ግቡ። መጋላን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይጻፍልሽ።

የቀፊራ_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ የጥፍሩን ነገር ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። የእርስዎ ድሬ ከጣቢያው ትጀምርና መጋላ መጨረሻ ላይ «ከዚያም ተሻገሩ» ተብላ ትመጣለች። እኛ ማዶ ያደግን ሰዎች ይህን ሁልጊዜ እንሰማዋለን።

መምህርት፣ እባክሽ ከቀፊራ፣ ከመጋላው ገበያ፣ ጀምሪ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰዓቱ፣ ቀፊራ የምትታየው ጠዋት ነው። ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ በአህያና በግመል እንጨት፣ ከሰል፣ ወተት፣ አትክልት ይዘው የሚገቡትን ታያላችሁ። ቅስት ያላቸው በሮቿ ላይ ያ የጠዋት ብርሃን ሲያርፍ ሌላ መልክ አላቸው። ሁለተኛው ስሙ ነው። መጋላ በኦሮምኛም በሶማልኛም «ከተማ» ማለት ነው። ባቡሩ ማዶ ጎዳና በገመድ ሲያሰምር፣ ወዲህ ያለው ሕዝብ የራሱን ሰፈር ከተማ ብሎ ጠርቶታል። የድሬዳዋንም ስም ጠይቁ፤ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው «ድሬ ሜዳ ነው፣ ዳዋ መድኃኒት» ይላችኋል፤ ሶማሌው ደግሞ ድር የተባለው አባት ጦሩን የተከለበት ነው ይላችኋል። ተማሪዎቹ ሁለቱንም ይጻፉ፣ ከሁለቱም አፍ ይስሙ።

እናቴ ቀፊራ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ሚዛን አላት ግን የድሮ ደንበኞቿ በጣሳ ነው የሚፈልጉት። እርሷ ጋ አቁሙና ዝም ብላችሁ ስሙ። ለአንዷ በኦሮምኛ ዋጋ ትናገራለች፣ ለጎረቤቷ በሶማልኛ ትቀልዳለች፣ ለእኔ በአማርኛ «ፌስታሉን አምጪ» ትለኛለች፣ ሲመሽ ሒሳቡን የምታሰላው ደግሞ በአደርኛ ነው፤ እናቷ ሐረሪ ናቸው። ይህን ማንም ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም።

የጋሼ ጽሑፍ ላይ ደቻቱ በአንድ ቃል ታለፈ። ደቻቱን ያለ ታሪክ እንዳትሻገሩት። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሄድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ከደጋው ነው፣ እናንተ ከምትወርዱበት ከዚያ ተራራ። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ላይ ከዘነበ ሊመጣ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእንቅልፌ የነቃሁት በጉምጉምታ ነው። እናቴ «ባቡር ነው፣ ተኚ» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ተነስታ ተቀመጠች፤ በዚያ ሰዓት ባቡር እንደሌለ ታውቃለች። ያን ሌሊት ከተማችን ከ200 በላይ ሰው አጣች። እኛ ነፍሳችን ተረፈ፣ ሱቁ ግን በጭቃ ተሞላ። የእንጨት መደርደሪያው ታጥቦ ቆመ፤ ጭቃው የደረሰበት መስመር ግን ከእንጨቱ አልለቀቀም። እናቴ እስከ ዛሬ ዕርድና ሄሉን የምታስቀምጠው ከዚያ መስመር በላይ ባለው መደብ ላይ ብቻ ነው። ከታች የምታስቀምጠው ቢጠፋ የማይቆጫትን ነው።

ከጎርፉ በኋላ በዳርና ዳር የተሠራውን መከላከያ ግንብ አሳያቸው። ሐረር ግንብ አላት፣ እኛም ግንብ አለን፤ የእኛ የተሠራው ለውኃ ነው።

ባጃጅ_ሳቢያን

አቦ ሁለቱም ልክ ናቸው! ቲቸር፣ እኔ የምጨምረው ሰዓቱን ነው። ከሐረር 12 ሰዓት ተነሱ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ቀፊራ ትገባላችሁ። በደቻቱ አድርጋችሁ 4 ሰዓት ላይ ጣቢያ። ከ6 ሰዓት በኋላ ድሬ ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው በረንዳ ላይ ነው። የሐረር ልጅ ሙቀታችንን አይችለውም፣ ኅዳር ቢሆንም ቀላል ልብስ ይልበሱ፣ ውኃ ይያዙ። ምሳ ፉል ይብሉ፣ ከዚያ ሙሸበክና ሐላዋ። ሥዕል ያለባቸውን ዋሻዎች አንድ ሰው «ውሰጃቸው» ይልዎታል፤ ለገ ኦዳ ለዚህ ቀን ሩቅ ነው፣ ፖርክ ኢፒክ ቅርብ ቢሆንም አቀበት አለው። ለብቻው ሌላ ቀን ይሁን።

የቶርኖ_ቤቱ

የቀፊራ ልጅ፣ ልክ ነሽ። 37 ዓመት ወርክሾፕ የዋለ ሰው ከተማውን ከወርክሾፑ በር ነው የሚያየው። እናትሽን ሳላውቃቸው አልቀርም፤ ባለቤቴ ቁንዶ በርበሬ የምትገዛው ቅስቱ ሥር ካሉ ሴት ነው። መምህርት፣ በጠዋቱ ቀፊራ ይሁን። እኔ 4 ሰዓት ላይ ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ፣ ነጭ ኮፍያ አለኝ።

ሸዋበር_መምህርት

ደርሰን ተመልሰናል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደንገጎ ላይ ሹፌሩ ቆመልን። ቁልቁል ሲያዩ ማንም «ባቡሩ ለምን አልወጣም» ብሎ አልጠየቀኝም።

ቀፊራ ላይ የልጅቷን እናት አገኘናቸው። 38 ልጅ ሱቃቸው በር ላይ ሲቆም ደነገጡ፣ ከዚያ ግን አንዷን ተማሪዬን በአደርኛ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቋት። አያቷን አወቋቸው። ግማሽ ሰዓት ከዚያ መነሳት አልቻልንም። መደርደሪያው ላይ ያለውን መስመር ልጆቹ በየተራ በጣታቸው ነኩት። ከወለሉ ሲለኩት ከአንዱ ልጅ ደረት በላይ ሆነ።

ጣቢያ ላይ ጋሼ እንዳሉት ቆመው ጠበቁን። ዘበኛው ደብዳቤውን አየና አስገባን። የማስመሪያውን ነገር ለማንም አልነገርኩም ነበር። ያንን «ገበያ ናት» ያለውን ልጅ ጠራሁትና ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ አጋደማት። አንድ ጫፉ ላይ ትንሽ ክፍተት ቀረ። «ቲቸር፣ ልክ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በሀዲዱ ጭንቅላት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ አስኬዱና የልጁን ጣት ይዘው እዚያው ላይ አስቀመጡት። ብረቱ ተበልቷል። በስንት ሺህ ጎማ ከንፈር እንደተበላ ሲነግሩት ልጁ እጁን ወዲያው አላነሳም።

ከወርክሾፑ ስንወጣ ይኸው ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ ጋሼም «አስቤበት እመልስልሃለሁ» አሉት። እስካሁን ክፍል ውስጥ እየተከራከሩበት ስለሆነ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፦ ባቡሩ ሐረር ቢወጣ ኖሮ፣ ጀጎል ዛሬ ቆሞ እናገኘው ነበር?

የቶርኖ_ቤቱ

መምህርት፣ ሦስት ሌሊት አሰብኩበት። ለልጁ እንዲህ በዪልኝ፦ ጣቢያ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ጫፍ ነው፤ የአዲስ አበባው ለገሃርም ሲሠራ ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ስለዚህ ሀዲዱ በግንቡ ውስጥ ያልፍ ነበር ብዬ አላምንም። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ለጋሪ፣ ለመጋዘን፣ ለመኪና መግቢያ ሲባል በሮቹ ጠበቡ፣ ይስፉ ይባል ነበር። አህያ ከነጭነቷ የምታልፍበትን በር እርሱ ያውቃል፣ ስፋቱን ሄዶ ይለካና ይጻፍልኝ፤ እኔ የአንድ ፉርጎን ስፋት እልክለታለሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

የሚለካበትን ግን ሌላ ፈልጉ። ማስመሪያችሁን ሀዲዱ ላይ ረስታችኋት ሄዳችኋል፤ እኔ ጋ ናት። ቅዳሜ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ካገኘሁ እልክላችኋለሁ፣ ካልሆነም ራሴ ይዤያት እመጣለሁ።